የአባዬ ስኳርና የእማማ ሾዴ መራራ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ ደራርቱ፣

«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆትሽንም ለማውራት ፊት የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ የእጄን ጽሕፈት ፖስታው ላይ ስታዪ ልትቀጂው እንደምትችዪ አውቃለሁ። ከመቅደድሽ በፊት ግን አንዷን ነገር አንብቢ። እናትሽ አባቴን አልገደሉትም። ሌላው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው።

አባዬ ስኳር እንዳለበት የተነገረው በ1973 መስከረም ላይ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት የሰው ደብዳቤ ሲለይ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ወር እንስራ ሙሉ ውሃ የማይበቃው ሰው ሆነ። ሐኪሙ የሚበላውንና የማይበላውን በቃል ነገረኝ። እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤት ሄጄ በታይፕ መታሁት፤ የተፈቀደውን በጥቁር፣ የተከለከለውን በቀይ። ስኳር፣ ማር፣ ብርዝ፣ ጠጅ፣ ለስላሳ፣ ፓስታ፤ ሁሉም በቀይ። አልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አንቺ አይተሽ «ይሄ የምግብ ዝርዝር ነው ወይስ አዋጅ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ለእኔ ግን አዋጅ ነበር። ታይፒስት መሆኔን ታውቂያለሽ፤ በማኅተምና በመስመር የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኛል።

ቤቱን የመገቡት ግን እናትሽ፣ እማማ ሾዴ ናቸው። ወረቀቴ ምን እንደማይበላ እንጂ ምን እንደሚበላ ብዙም አይናገርም ነበር። እናትሽ ከሱሉልታ ዘመዶቻቸው ዘንድ ገብስ እያመጡ ቂጣውንም ገንፎውንም አስተማሩኝ። ጎመኑ ላይ ቅባት እንዳላበዛ፣ ተልባውን እንዴት እንደምቆላ፣ ጠዋት ምን፣ ማታ ምን እንደሚቀርብለት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በገብሱ ምትክ ከኅብረት ሱቅ በካርድ የሚሰጠንን ስኳር በየወሩ እሳቸው ይወስዱ ነበር። «እኛ ቤት መርዝ ነው፣ እርስዎ ቤት ሲገባ ስኳር ይሆናል» እያለ አባዬ ይቀልድባቸው ነበር። አንድ ግቢ፣ ሁለት በር፣ መሀል ላይ አንድ የውሃ በርሜል። በዚያን ጊዜ የየትኛው ቤት ምግብ የማን እንደሆነ የምንለይ አልነበርንም።

መራራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1974 ሚያዝያ ላይ የአባዬ እግር መደንዘዝ ሲጀምር እናትሽ አብሽ ወቅጠው፣ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ የግራዋ ቅጠል ጭማቂ ጠብ አድርገውበት በሲኒ ይዘው መጡ። አባዬ ሲኒውን አሸተተና «ግራዋ እኮ ጋን ማጠቢያ ነው። እኔ ጋን ነኝ እንዴ ሾዴ?» አላቸው።

«ጋንማ ቢሆኑ በየሳምንቱ ይታጠቡ ነበር፣ ጋሽ መዝገቡ። ይጠጡ!»

ጠጣ። ፊቱን አጨማደደ፣ ስድቡን አወረደ፣ ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ነበርሽ። ያላየሽው ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የሆነውን ነው። እናትሽ ሲወጡ ክንዴን ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚኝ ታየች። በባዶ ሆድ እንዳትሰጪ፤ ቂጣውን ከበሉ በኋላ ነው። ቀን እየዘለልሽ፣ አንድ ሲኒ ብቻ። ደግሞ ከሐኪሙ ኪኒን ጋር አይሆንም፤ ሁለቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ወይ የነሱን ይዋጡ፣ ወይ የኔን ይጠጡ። ኪኒኑን ትተዋል?»

«ትቷል እማማ ሾዴ» አልኳቸው።

አልተወም ነበር። በየቀኑ ጠዋት ከእጄ ነበር የሚውጠው። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬ ስጠይቀው ልቤ የሚሰጠኝ መልስ ያሳፍራል፤ ሁለቱንም ፈለግሁ። አንዱን ብተው፣ የተውኩት እሱ የሚያድነው ቢሆንስ ብዬ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ደበቅኩ። ሐኪሙ «ሌላ የምትሰጪው ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝም «ምንም» አልኩ። ሆስፒታል ስሄድ የሐኪሙ ጎበዝ ተማሪ፣ ግቢያችን ስመለስ የእናትሽ ጎበዝ ልጅ ነበርኩ። ሁለቱም ጋ ተመሰገንኩ።

ምስጋናው ደግሞ ጣፈጠኝ። ሽንቱን በብልቃጥ ይዘን ስንሄድ ሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ ውስጥ ጨምረው ሲያፈሉት፣ ድሮ የሸክላ መልክ ይዞ የሚቀየረው፣ በሰኔ አረንጓዴ፣ በሐምሌ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ ስኳር የለውም ማለት ነው። «ምን እያበላሽው ነው? ሌሎቹንም አስተምሪልን» አለኝ ሐኪሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መራራውን ቀን መዝለል ትቼ በየቀኑ አደረግሁት። አባዬ ክብደቱ ቀነሰ፤ አንዳንድ ከሰዓት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ «እየጸዳ ነው» አልኩ። አንቺ በዚያ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወለጋ ስለነበርሽ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ፍልሰታ ገባ። የንስሐ አባቱ አምና «አንተ ሕመምተኛ ነህ፣ ጠዋት ጠዋት ብላ» ብለውት ነበር። ዘንድሮ ግን ብልቃጡ ሰማያዊ ሆኗል። «ዳንኩ፤ ሰበብ የለኝም» ብሎ እስከ ቅዳሴ መውጫ ሊጾም ቆረጠ። ከልብ አልከለከልኩትም። ጾሙን ሲጀምር ኪኒኑንና መራራውን ምን እናድርግ ተባባልን። «መራራ ነገር ምግብ አይደለም፤ ጾም አይፈታም» አለ አባዬ። እኔም ተስማማሁ። ምግቡን አቆምን፣ መድኃኒቱን አላቆምንም። ይህን ለሰው ስናገር ሞኝነታችን ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሃይማኖትም ሕክምናም አንድ ላይ የጠበቅን መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን አባዬ እንጦጦ ማርያም ሊያስቀድስ ተነሳ። በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ ነበረን። ብልቃጡ ሰማያዊ እንዲሆን ፈልጌ፣ ለዚያች «ጎበዝ» ለምትባል ቃል ብዬ፣ በዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሲኒ ሰጠሁት። ኪኒኑንም ዋጠ። በባዶ ሆዱ፣ በጭቃው፣ ያንን ዳገት ሽቅብ ወጣ። የወረደው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው።

በሩን ሲከፍት ነጠላው በላብ ርሶ ነበር። ዝናብ መስሎኝ «ዘነበብህ እንዴ?» አልኩት። ማን እንደሆንኩ ስቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን «አንቺ ሴትዮ፣ ከቤቴ ውጪ» አለኝ። ምላሱ ተሳሰረ። እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደና አልጋው ላይ ወደቀ። ጮህኩ። ከጎረቤት ዳኜና ሚስቱ የሺ እየሮጡ መጡ፤ ከሁሉም በፊት ግን እማማ ሾዴ ደረሱ። ግንባሩን ዳሰሱ፣ እጁን ያዙ፣ ተመልሰው ወጡ። ሲመጡ በጣሳ ስኳር በጥብጠው ይዘዋል።

«ቀና አድርጊያቸው ታየች። ቶሎ! ባዶ ሆነዋል፤ ይህ ያስፈልጋቸዋል።»

ደራርቱ፣ እጃቸውን መታሁት። ጣሳው ወድቆ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናትሽን «አንቺ» አልኳቸው። «ልትገድይው ነው? ስኳር በሽተኛ ነው እኮ! አታነቢም?» ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኋቸው። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅሁ። ሁለተኛ ጣሳ በጥብጠው መጡ፤ በሩ ላይ ቆሜ አላስገባም አልኩ። ዳኜም «ሴትዮ፣ ተይ እንጂ፣ ስኳር ተነስቶበት ስኳር?» ብሎ አገዘኝ። እናትሽ ጣሳውን እንደያዙ ዝናቡ ላይ ቆመው ቀሩ። አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዳኜ አባዬን አዝሎ አስፋልት አደረሰው፤ በመጣችው ታክሲ ሆስፒታል ገባን። በደም ሥሩ የሚሰጠውን ሁሉ ሰጡት። አልነቃም። ነሐሴ አሥራ አንድ ንጋት ላይ ዐረፈ።

አሁን የደበቅኩትን ልንገርሽ። ሞቱን የነገረኝ ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አስቀምጦኝ ነበር። ምን ምን እንደወሰደ ጠየቀኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰማኝና «ስኳሩ ከፍ ብሎ አይደለም፣ አልቆበት ነው። ኪኒኑም፣ ጾሙም፣ ቅጠሉም ተደራርበው አወረዱት። እንዲህ ሲያልበውና ሲቀባጥር ወዲያው አንድ ብርጭቆ ስኳር በውሃ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር። የነገራችሁ ሰው አልነበረም?» አለኝ።

ነበረ። «አልነበረም» አልኩት።

ስለዚህ አውቅ ነበር። አባዬ ሳይገነዝ አውቅ ነበር። ቤት ስንደርስ ለቀስተኛው ሞልቷል፤ የሺ አንገቴን አቅፋ «የዚያች ሴትዮ ቅጠል ነው አይደል? መራራ ስታጠጣው አልነበር?» አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እማማ ሾዴ ከድንኳኑ ጥግ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። «አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የትኛው «አዎ» እንደሚመስል አውቄ ነቀነቅሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ እንኳ ከአፍም አልወጣም፣ ከአንገት ነው። እሱ በቂ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከእናትሽ ጎን እየተነሱ ወዲያ ሄዱ።

ከሠልስት በኋላ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዷቸው። ያለ ፈቃድ መድኃኒት ሰጥተው ሰው ገድለዋል ተባለ። ቀበሌው ቃሌን እንድሰጥ ሲጠራኝ ጸሐፊያቸው ታሞ ነበርና «አንቺው በታይፕ ምቺው፣ ትችዪ የለ?» አሉኝ። መታሁት። «ሟች አባቴ ከወይዘሮ ሾዴ እጅ ምንነቱ ያልታወቀ መራራ ፈሳሽ ሲጠጣ ቆይቶ» ብዬ። ውሸት አልነበረም፤ የጎደለው ግማሹ ነው። ዳኜ በምስክርነት ፈረመ። አራት ወር አሰሯቸው። ዕድሩ ስማቸውን ሰረዘ፤ የቀበሌውን ቤትም ተነጠቃችሁ።

አንቺ ከዘመቻ ስትመለሺ በቀጥታ እኔ ጋ መጣሽ። አቧራሽን እንኳ አላራገፍሽም። «ታየች፣ እናቴን አታውቂያትም? ምንድን ነው የሆነው?» አልሽኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚያውቁት ሐኪሞቹ ናቸው» አልኩሽ። ዓይኔን ለማየት ጎንበስ አልሽ፤ እኔ ወደ ሌላ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ የስንቅ ሳህኑን ይዘሽ በሬ ላይ ስታልፊ ከመጋረጃው ጀርባ አይሽ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

ምነው ዛሬ ነገረችኝ ትዪ ይሆናል። በራሴ ጊዜ ነቅቼ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን እንዲያ አይደለም። ዳኜም ስኳር ያዘው። አምና ነው። እሱም እንደ አባዬ ኪኒን ይውጣል። ያለፈው እሑድ ጠዋት ኪኒኑን ውጦ፣ ቁርሱን ሳይበላ፣ ለልማት ሥራ አካፋ ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የየሺን ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ደረቱ በላብ ርሶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ሚስቱን «ይቺ ማናት?» ይላል። ልጃቸው ስኳር የበዛበት ሻይ ይዛ ቆማለች፤ የሺ ልጅቷን እየገፋች «ወዲያ በዪ! ጋሽ መዝገቡን የገደለው እንዲህ ያለው ነው! ሾዴ በጣሳ ስታቀርብለት በዓይኔ አይቻለሁ!» ትላለች።

የእኔ ዝምታ ምን እንደሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈሩ ከእኔ ተምሯል። ስኳር በሽተኛ ሲያልበውና ሲቀባጥር ስኳር ይከልከል የሚለውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቃል ሳልናገር።

ሻዩን ከልጅቷ ቀማሁ። የሺ ፀጉሬን ያዘች፤ በክርኔ ገፋኋት። የዳኜን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ በማንኪያ፣ ቀስ እያልኩ፣ ሲውጥ እየጠበቅሁ አጠጣሁት። ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ጸልዬ አላውቅም እንደዚያ። ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው፤ ዳኜ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ተቀመጠና «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለን።

ሁሉም ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እልል አለ። የሺ እግሬ ላይ ወደቀች። ቀና ስትል ግን ፊቷ ተለዋውጧል።

«ታየች፣ ይሄን ከማን ተማርሽ?»

«ከእማማ ሾዴ።»

«መቼ?»

«አባቴ የወደቀ ዕለት።»

ሁሉም በልቡ ወደ ኋላ ሲቆጥር ይታየኝ ነበር። እዚያው ቆሜ ጨረስኩላቸው፤ ሁለቱን ሲኒ፣ ኪኒኑን፣ ሐኪሙ ያለኝን፣ ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን እንዴት እንደነቀነቅሁ። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውን ዳኜ ሊያመሰግነኝ መጣ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «እ... ማለቴ፣ ታየች፣ ያለፈ አልፏል። ይሄን ነገር ቀበሌ ድረስ ባትወስጂው። አንቺም ሥራ አለሽ፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ሴትዮዋም እኮ አገሯ ገብታለች፣ በቃ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እንደ እኔው። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ ቀን ያህል በልቤ ተስማምቼለት ነበር። «ለሰፈሩ ነግሬያለሁ፣ ይበቃል» ብዬ ተኛሁ። ማክሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ ግን አዲሱ ገበያ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ለሌላዋ «የጉለሌዋ መድኃኒተኛ፣ ያቺ ሰው የገደለችው» ስትል ሰማሁ። ሦስት ዓመት አልፎት እንኳ የእናትሽ ስም ገበያ ላይ አለ። የእኔ የግቢ ወሬ እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩት፤ የጎደለውን ግማሽ። አንዱን ቅጂ ትናንት ለቀበሌ አስገባሁ። አንዱን ለዕድሩ ሰጠሁ፤ እሑድ በጉባኤ ይነበባል። ሦስተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ፤ ለቤቱም ለስማቸውም ለምትሄዱበት ሁሉ ይጠቅማችሁ ይሆናል። ሊቀመንበሩ አንብቦ «በሐሰት ቃል መስጠት ራሱ ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እፈራለሁ፣ ደራርቱ። ጀግና ሆና ጻፈችልኝ እንዳትዪ።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብቢላቸው። በኦሮምኛ ብታነቢላቸው ይሻላል፤ አንዳንዱን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ይስሙት። ለእኔ አዝነሽ አንዱንም አታለሳልሺ። አንቺን የመሰለ እኅት አጥቼ ለሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳልናፍቅሽ አልዋልኩም፤ ይህን ግን ከሁሉ መጨረሻ አንብቢው።

አንድ ልመና አለኝ፣ ከዚያ ሌላ የለም። እናትሽን አውቃቸዋለሁ፤ ይቅር ሊሉኝ ይችላሉ። ቢሉም ለጊዜው አትጻፊልኝ። ቀበሌው፣ ዕድሩ፣ ገበያው ገና ይቀረኛል። ይቅርታቸው ቶሎ ከደረሰኝ፣ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ታየች መዝገቡ